እድሩ ሽንት ቤት ይሥራ ወይስ አይሥራ?

የእድሩ ጸሐፊ፦ በጠቅላላ ጉባኤው ሳንስማማ የተበተንበትን ጉዳይ እዚህ እንቋጨው። አንደኛው ሐሳብ፣ ሽንት ቤት ለሌላቸው አባላት እድሩ ከመጠባበቂያው ገንዘብ ለስላብ (በጉድጓዱ አፍ ላይ ለሚደረገው የሲሚንቶ ክዳን) እና ለቆርቆሮ ያውጣ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማንም አይደጎም፣ ሁሉም በራሱ ይቆፍር፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያልቆፈረ ይቀጣ ይላል። ቅጣቱ ምን ይሁን ሲባል አንድ አባል "እድሩ አይቅበረው" ብለዋል። በጨዋ ቋንቋ ተወያዩ።

ጡረተኛ መምህር፦ "አይቅበረው" ያልኩት እኔ ነኝ። የገንዘብ ቅጣት የሚጎዳው ድሃውን ነው፤ ያለው ከፍሎ ሜዳውን ይቀጥላል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ ተማርን? በዘመቻ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ዛሬ የት አሉ? ካማል ካር የተባሉ ሕንዳዊ ባለሙያ በባንግላዴሽ የጀመሩት፣ ወደ እኛም አገር የመጣው አሠራር መሠረቱ ይኸው ነው፦ መንደሩ በራሱ ቆሻሻ አፍሮ በራሱ እጅ ይነሣ፣ ድጎማ አይግባ። በነጻ የተሰጠን ነገር ማን ይንከባከበዋል?

ግንበኛ፦ ጉድጓዶቹ የት እንዳሉ ልንገርዎት ጋሼ፤ ተደርምሰዋል። የአቃቂ መሬት ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አንገቱ በድንጋይ ያልተገነባ ጉድጓድ ሁለት ክረምት ከቆመ ተአምር ነው። የእንጨት ርብራቡ በስብሶ እግሩ የገባ ሰው አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ወደዚያ አይልክም። ይህ ስንፍና ነው? ሰው በጉልበቱ መቆፈር ይችላል፤ ሲሚንቶና ብረት ግን በጉልበት አይገኝም።

አርሶ አደር፦ እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ ከላይ በወንዙ ይወርድልናል፤ ከብቶቻችን ይጠጡታል፣ ጎመኑም በእርሱ ይለማል። ቆሻሻው የሚወቀሰው ግን እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው። መጀመሪያ ከተማው ይጽዳ!

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦ በወንዙ ጉዳይ እውነትዎን ነው አባቴ። ነገር ግን የሁለት ዓመት ሕፃን ወንዝ ዳር አይጫወትም፤ የሚጫወተው ከቤቱ ጓሮ ነው፤ ዝንቡም ከዚያው ተነሥቶ እንጀራው ላይ ያርፋል። በ2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲገባ ከተማና ገጠር አልለየም። ለመምህርም አንድ ነገር ልበል። ማሳፈር ያስቆፍራል፤ ይህን በሥራዬ አይቻለሁ። የተደረመሰውን እንደገና አያስቆፍርም። የእኔ ሐሳብ፦ ጉድጓዱን ባለቤቱ ይቆፍር፣ ስላቡን እድሩ ይግዛ፣ አቅመ ደካማ ላለበት ቤት ደቦ እንውጣ። ስትቆፍሩ ግን ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ። ባለፈው ዘመቻ ይህን ማንም አልለካም።

የእድሩ እናት አባል፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሬሳ ሽንት ቤት አይሄድም። የሚቀጡት ልጆቹን ነው። ቀብር ከከለከልን እድር ለምን አስፈለገ?

ተከራይ፦ እኔ የእድሩ አባል አይደለሁም፤ ነገር ግን የምታወሩት ስለ እኛም ነው። በአንድ ግቢ ስምንት ቤተሰብ ነን፣ ጉድጓዱ አንድ ነው፣ እርሱም ሞልቷል። አከራያችን ኪራይ በጨመረ ቁጥር ስለ ጉድጓዱ እንጠይቃለን፤ መልሱ "ካልተመቻችሁ ልቀቁ" ነው። በሰው መሬት ልቆፍር? ቆፍሬ ስጨርስ ቢያስወጣኝስ? በምሽት ወደ ሜዳ የምንሄደው አፍረን ነው፤ ተጨማሪ ማሳፈር አያስፈልገንም።

ጡረተኛ መምህር፦ ይህ ሲሆን ቅጣቱ በአከራዩ ላይ ይሁን። በዚህ ከተከራይ ጋር እስማማለሁ። በሌላው አልተስማማሁም።

አከራይ፦ በእኛ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ቤቴ ካርታ የለውም። ዘንድሮ ይፈርሳል፣ ከርሞ ይፈርሳል እየተባለ ስንት ዓመት ኖርን። በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብቼ ግሬደር ቢመጣ ማን ይክሰኛል?

ተከራይ፦ ለአዲስ የኪራይ ክፍል ግድግዳ ግሬደሩን አልፈሩም፤ ባለፈው ወር ሁለት ጨምረዋል።

ግንበኛ፦ እኔ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም። ሲሚንቶ፣ ብረትና አሸዋ ይቅረብልኝ፤ ስላቡን በአንድ ቦታ አፍስሼ አከፋፍላለሁ። ሰኔ ከገባ ግን በዚህ መሬት ጉድጓድ ውስጥ ሰው አላስገባም፤ ያን ጊዜ አትጥሩኝ።

የእድሩ ጸሐፊ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። "አይቅበረው" የሚለው እንደ ሐሳብ ተመዝግቧል፤ ከድጋፉ ይልቅ ተቃውሞው ይበዛል። አከራዮች አለመቅረት ነው። ተከራዮችም ኑ፤ ድምፅ ይኑራችሁ ወይስ አይኑራችሁ የሚለው የመጀመሪያው አጀንዳ ሆኗል።