ፊቱን ሳናይ «አስፐርገር አለበት» እንበል?

አድሚን፦ እንዴት አመሻችሁ የጎንደር ልጆች። ትናንት ማታ ላልነበራችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳችን «አፄ ፋሲል በ1632 ነገሡ» ብሎ ጻፈ። «ቀን ቆጣሪ» በሚል ስም የሚጽፈው አባላችን ወዲያው «እ.ኤ.አ. በል፤ በእኛ 1624 ነው» አለ። ከዚያ ስለ ዘመን አቆጣጠር 11 መልእክት ደረደረ። ሰው ቢቀልድበት ቀልዱንም አረመው። በመጨረሻ የማራኪው «ይሄ ልጅ አስፐርገር አለበት» አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። አስፐርገር ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ፣ የኦቲዝም ዓይነት ይባል የነበረ ነው። ልጁን በአካል የሚያውቀው የለም። እኔ ነገሩ ደስ አላለኝም። ግን መልእክቱን ከማጥፋቴ በፊት እንከራከርበት።

የማራኪው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ስድብ ግን አይደለም። ቀልድ አይገባውም። ነገሩን ሁሉ ቃል በቃል ይወስዳል። አንድ ርዕስ ከያዘ አይለቅም። ሰላምታማ የሚባል ነገር አያውቅም! ጎንደሬ ሆኖ «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል ዓመተ ምሕረት ውስጥ ዘው የሚል ሰው አይታችኋል? ኢንተርኔት ላይ 50 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አግኝቼ እሱን እያሰብኩ ሞላሁት። ነጥቡ ጣሪያ ነካ።

ፒያሳ፦ ሃሃሃ፣ ለሰው ተፈትነህ አሳለፍከው በለኛ።

ሲስተር፦ ወንድማለም፣ ያን መጠይቅ የሚሞላው ባለቤቱ ነው። ለዚያውም ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም። እኔ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ምርመራ ላይ ዋናው ጥያቄ ልጅነት ነው። መቼ አፍ ፈታ? ከእኩዮቹ ጋር እንዴት ይጫወት ነበር? ድምፅና ግርግር ይረብሸዋል? ከዚያ ዓይኑ፣ ፊቱ፣ እጁ፣ የድምፁ ቃና ይታያል። ቴሌግራም ላይ ከዚህ ውስጥ የቱ አለ? በጽሑፍ ሲሆን ቀልድ ሁላችንንም ያመልጠናል። ሰላምታ የዘለለውም ፓኬጁ ሊያልቅበት ሲል ይሆናል።

ተገላቢጦሹም አለ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ከማውራት ይልቅ መጻፍ ይቀላቸዋል፤ አስበው የሚመልሱበት ጊዜ ያገኛሉና። ስለዚህ ኦቲዝም ያለበት እዚህ ቤት ጨዋታ አዋቂ የምትሉት ሰው ሊሆን ይችላል፤ አታውቁትም።

«አስፐርገር» የሚለው ስምም ቢሆን ከመዝገብ ወጥቷል። የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦቲዝም ስፔክትረም በሚባለው ሰፊ ስም ውስጥ ጠቀለለው። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደዚያው አደረገ። ስሙ የተወሰደው ከቪየናው የሕፃናት ሐኪም ከሐንስ አስፐርገር ነው። ስሙን ያስተዋወቀችው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ ናት፣ በ1981። ሰውየው በናዚ ዘመን ሕፃናት ወደሚገደሉበት ክሊኒክ ልጆች መላኩ ኋላ ሲታወቅ ብዙዎች ስሙን ሸሹት። በዚያ ስም ተመርምረው ዛሬም ራሳቸውን በሱ የሚጠሩ አሉ፤ እሱ የነሱ ፋንታ ነው።

የአዘዞዋ እናት፦ እኔ ግን በከፊል ከማራኪው ጋር ነኝ። ልጄ 7 ዓመቱ ሳለ ቆርኪ እየለቀመ አልጋ ሥር በየቀለሙ ይደረድር ነበር። ስጠርግ አንዷን ከነካሁ ቤቱ ይቀወጣል። ጥምቀት ፋሲል መዋኛ ወስጄው ከበሮው ሲመታ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጎረቤት «አሞላቀቅሽው» አለ። ትምህርት ቤት «ባለጌ ነው» አለ። ፊቷን አይቻት የማላውቅ አንዲት ሴት ናት በውስጥ መስመር «እታለም፣ ሐኪም አሳዪው» ያለችኝ። ኦቲዝም ነው ተባለ። ያቺ ሴት «ምን አገባኝ» ብላ አልፋ ቢሆንስ?

ጋሼ መምህር፦ ድሮ እንዲህ ያለውን ልጅ «ዛር ለክፎታል» እንል ነበር። አሁን አስፐርገር ሆነ። ስም መለጠፉ ያው ነው፤ ፈረንጅኛ ሆነ እንጂ።

የአዘዞዋ እናት፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ያው አይደለም። ዛር ያሉት ሰዎች ልጄን እሰሪው ነው ያሉኝ። አሁን ደወል ሊደወል ሲል መምህርቱ ቀድማ ትነግረዋለች። ጆሮውን ይይዛል፣ ደወሉ ያልፋል፣ ትምህርቱን ይቀጥላል።

ጋሼ መምህር፦ እሱስ እውነትሽን ነው ልጄ።

ሲስተር፦ እታለም፣ ያቺ ሴት ልጅሽን ከጽሑፍ አላወቀችውም። በዓይንሽ ያየሽውን አንቺ ነገርሻት። እሷም የጻፈችው ላንቺ ብቻ ነው፤ ግሩፕ ላይ አልለጠፈችውም። በሽታም አልሰየመችም፤ ሐኪም አሳዪው ነው ያለችሽ።

የማራኪው፦ እሺ፣ ይሄ ገባኝ። እኔም በውስጥ ብጽፍለትስ?

ፒያሳ፦ ምን ብለህ? «ሰላም ነህ፣ አታውቀኝም፣ ኦቲዝም አለብህ»?

ሲስተር፦ ተቸገርኩ ካለህ ስማው። ካላለህ ምን ሆነና? ዓመተ ምሕረቱ እንደሆነ ትክክል ነበር።

ቀን ቆጣሪ፦ ሁሉንም አነበብኩት። ሰላምታ የማልጽፈው ግሩፑ ላይ 214 ሰው ስላለ ነው፤ ለማን እንደምል አላውቅም። ስለ እኔ ስትነጋገሩ እኔን የጠየቀኝ የለም። ብትጠይቁኝም እዚህ አልመልስም። የአዘዞዋ እናት፣ ልጅሽ ቆርኪዎቹን አሁንም የሚሰበስብ ከሆነ እኔ ጋ የድሮ ቆርኪዎች አሉ። ሲስተር፣ 1981 ስትዪ እ.ኤ.አ. አላልሽም።