ጎርጎራ ላይ ከጣና ዳር ያለ ቤት ብንገዛ ያዋጣናል?

የጡረታ ዋዜማ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ጎንደር አራዳ አካባቢ በኪራይ ቤት ስንኖር ቆይተን፣ ልጆቻችን ራሳቸውን ስለቻሉ ባጠራቀምናት ገንዘብ የራሳችን ጎጆ እንድትኖረን እየፈለግን ነው። በእጃችን ያሉት አማራጮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ አዘዞ ውስጥ ያለ መደበኛ መኖሪያ ቤት ሲሆን፣ ሌላው ጎርጎራ ላይ ከጣና ዳር የተሠራ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። የጎርጎራው ዋጋ ይቀንሳል፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ሲሉ ደግሞ ሐይቁ እስከ አድማስ ድረስ ይታያል። ባለቤቴ ገና ሳትገባበት ወደደችው።

ያየነው በሚያዝያ ነው። ከበረንዳው እስከ ውኃው ጠርዝ ሰባ እርምጃ ቆጠርኩ፤ በመካከሉ ያለው ለጥ ያለ ጥቁር አፈር ሲሆን ስንጥቁ ጣት ያስገባል። በውጭው ግድግዳ ላይ ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ የቀለሙ መልክ የሚለወጥበት ቀጥ ያለ መስመር አይቼ ብጠይቅ፣ ሻጩ የዝናብ ፍንጣቂ ነው አሉኝ። ልምድ ያላችሁ ጥቅሙንና ጉዳቱን ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የደንቢያው

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚያሳስበኝ እርስዎ መጨረሻ ላይ በጨረፍታ ያነሷቸው ሁለት ነገሮች፣ አፈሩና የግድግዳው መስመር ናቸው።

ቤቱን ያዩት ሐይቁ በሸሸበት ወቅት ነው። ጣና እጅግ የሚጎድለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ግንቦትና ሰኔ ላይ ሲሆን፣ የሚሞላው ደግሞ ወንዞቹ የክረምቱን ውኃ አስገብተው ሲጨርሱ በመስከረም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መሬቱ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ የውኃው ጠርዝ መቶ ሃምሳ ሜትር ወደ እርስዎ ይመጣል ማለት ነው፤ ሰባ እርምጃ ደግሞ ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው። የዝናብ ፍንጣቂ ግድግዳን ያዥጎረጉራል እንጂ በውኃ ልክ የተሰመረ የሚመስል መስመር አይተውም። እዚያ ቤት ደጃፍ ውኃ ቆሞ ያውቃል ብዬ እጠረጥራለሁ።

አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ መሠረቱንም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። አጎቴ ደንቢያ ሜዳ ላይ የሠሩት ቤት በሦስተኛው ክረምት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ፤ በሩ በክረምት አይዘጋም፣ በበጋ አይከፈትም። መሠረቱን ዓለት አስነክቼዋለሁ ያለው ግንበኛ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሣም። ስለዚህ ሻጩ ፈቅደው ከቤቱ ጥግ አጠገብ አንድ ጉድጓድ አስቆፍረው መሠረቱ ምን ላይ እንዳረፈ ቢያዩ፣ የቆፋሪው ዋጋ ከሚያድንዎት ገንዘብ ጋር አይወዳደርም።

ደግሞም የሐይቁን መጠን የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠርቷል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ውኃ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከመጉደሉ የተነሣ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። ውኃው ሲርቅ ባህር ሸሹ መሬት የእኔ ነው የሚል አይጠፋም፤ ከበረንዳዎ ፊት ያለው ሜዳም በካርታዎ ውስጥ ካልተካተተ የእርስዎ አይደለም።

ይህን ስል ጎርጎራን መጥላቴ አይደለም። ጎርጎራ ሁሉም ሜዳ አይደለም፤ ድንጋያማ ኮረብታ አለው። እዚያ ላይ ያለ ቤት ቢያገኙ፣ ከውኃው ትንሽ ቢርቅም፣ የምነግርዎ ነገር የተለየ ይሆን ነበር።

ሰነድ አገላባጭ

የቀደሙት አስተያየት ሰጪ ስለ መሬቱ በቂ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ እርስዎ የሚገዙት ቤቱን ነው። ስለዚህ ሻጩ በእጃቸው የያዙት በከተማ ክልል የተሰጠ ካርታ ነው ወይስ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። የከተማ ከሆነ፣ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት የሚደርስ ዘመን ስላለው፣ ምን ያህሉ እንደቀረና ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖሩን ያጣሩ። ደብተር ከሆነ ግን፣ ገንዘብ ከፍለው በኪራይ ወይም በስጦታ ስም ውል ቢያስሩ እንኳ፣ ነገ የሻጩ ወራሾች ሲነሡ የሚከራከሩበት ሕጋዊ መሠረት አይኖርዎትም።

ጣና ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ክልል፣ ስለሆነ፣ ቤቱ ከዳርቻው የጥበቃ ክልል ውጭ መሆኑን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ፤ የቃል መልስ አይበቃም። የሻጩ የትዳር ጓደኛ ሳይፈርሙ፣ ንብረቱም ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ሳይረጋገጥ ቀብድ አይስጡ።

የሐይቅ ጎረቤት

እኔ እዚያው ጎርጎራ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሁሉም ነገር ማስፈራሪያ እንዳይሆንብዎ ደጉን ላስቀድም። ማለዳ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ ለምሳ ማድረስ የመሰለ ነገር የለም። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ አካባቢው ተነቃቅቷል።

የሚከብደው ጤናው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አልፋ ስትገኝ ሐይቁ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደጋ የለመደ ሰው በወባ ቶሎ ይጎዳል፣ ያለ አጎበር ማደር አይታሰብም። ዳር ላይ ውኃው ውስጥ መግባት ቢልሃርዚያ ሊያመጣ ይችላል፤ የልጅ ልጆች ሊጠይቁዎ ቢመጡ ከዚያ መከልከል ቀላል አይምሰልዎ። እምቦጭም አለ፤ ማታ ውኃ አይተው የተኙ፣ ነፋስ ሲነዳው አድሮ ጠዋት አረንጓዴ ምንጣፍ ያያሉ። ሆስፒታል ሲያስፈልግ ወደ ጎንደር ያለው መንገድ ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለጡረተኛ ባልና ሚስት ይህ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። እኔን ቢሰሙኝ፣ አዘዞውን ገዝተው ለጎርጎራ በየዓመቱ ጥቂት ቀን ቢከራዩ እመርጥልዎታለሁ።

የጡረታ ዋዜማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ለሻጩ ደውዬ እስከ መስከረም እንዲታገሡኝና መሠረቱ አጠገብ እንዳስቆፍር እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኋቸው። መቆፈሩን አልፈቀዱም፤ ነገር ግን ሳልጠይቃቸው ዋጋውን ቀነሱልኝ። ባለቤቴ አሁንም በረንዳውን ታነሣለች። ቅዳሜ አብረን ወርደን፣ እሷ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቡና ስትጠጣ አምና በመስከረም ውኃው የት ድረስ እንደመጣ ትጠይቃለች፤ እኔ ደግሞ በዚያው ኮረብታው ላይ የሚሸጥ ቤት እንዳለ አጠያይቃለሁ። ካልተገኘ የአዘዞውን ቀብድ ሰኞ እንከፍላለን።