ከጅማ ሦስት ትናንሽ ልጆች ይዞ አዲስ አበባና ቢሾፍቱ፦ የመዝናኛ ፓርክ ጉዞ እንዴት ይታቀድ?

የሄርማታዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት፣ ልጆቹን ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ፣ አዲስ አበባ ደግሞ አንድነት ፓርክና እንጦጦ ልንወስዳቸው አስበናል። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛው 4፣ ትንሿ 1 ዓመት ከ6 ወር። የራሳችን መኪና አለ፣ ያለን ጊዜ አምስት ቀን ነው። ትልቁን መኪና ያስመልሰዋል። መንገዱን በአንድ ቀን እንጨርሰው ወይስ ወልቂጤ እንደር? ሦስቱንም ቦታ ማዳረስ ይቻላል? ለትንሿስ የውሃው ነገር እንዴት ይሆናል?

የመንገድ ሰው፦
እህቴ፣ በአንድ ቀን ጨርሱት። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወልቂጤ ማደር ካላችሁ አምስት ቀን ላይ ግማሽ ቀን ይበላል። ዋናው ቁም ነገር ግቤን በጠዋት ማለፍ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ ሶኮሩን አልፎ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ 1,100 ሜትር አካባቢ ይደርስና ወደ ወልቂጤ መልሶ ይወጣል። ጠመዝማዛውም ሙቀቱም የጆሮ መደፈኑም እዚያ ላይ ይገናኛሉ፤ ልጅ የሚያስመልሰውም በአብዛኛው እዚያ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ሙቀቱ ሳይበረታ ድልድዩን ትሻገራላችሁ። እኩለ ቀን ላይ ከደረሳችሁ ግን መስኮት ቢከፈትም የሚገባው ትኩስ አየር ነው፤ በዚያ ላይ ዳገቱን ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተታችሁ ነው የምትወጡት።

ትልቁ ባዶ ሆዱንም ጠግቦም አይነሳ። ደረቅ ዳቦ ወይም ሙዝ ይበቃዋል፤ ቅቤ የበዛበት ፍርፍር፣ ወተትና ጭማቂ ለማታ ይቆዩ። ሶኮሩ ላይ አሥር ደቂቃ አውርዳችሁ አራምዱት። ከሶኮሩ እስከ ወልቂጤ ስልክም ታብሌትም አይያዝ፤ ዓይኑ የቆመ ነገር እያየ ውስጠኛው ጆሮው መንቀሳቀሱን ሲናገር ነው ማቅለሽለሹ የሚመጣው። ከተቻለ በፊት መስታወት መንገዱን የሚያይበት ቦታ ይቀመጥ፣ ቀበቶ ግን የግድ ነው። መከላከያ መድኃኒት ከፈለጋችሁ ከመነሳት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚሰጠው፤ ካስመለሰው በኋላ ቢሰጥ ሆድ ውስጥ አይቆይም። መጠኑን ፋርማሲስቱ በክብደቱ ይንገራችሁ። ለትንሿ አይሰጥም፤ ደግሞም ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በመኪና እምብዛም አይታመምም።

ምሳ ወሊሶ ብሉ። በጨለማ መንዳት የሚያስገድድ ዕቅድ አታውጡ፣ ስትሄዱም ስትመለሱም።

ቦሳ ቂጦ፦
ሦስቱን ቦታ በአምስት ቀን ማዳረስ ይቻላል፣ ግን አታድርጉት። እንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚበላሸው ቦታ ስላነሰ ሳይሆን ስለበዛ ነው። ቀኑ በትንሿ እንቅልፍ ይለካ፤ እሷ ካልተኛች ማታ ማንም አይተኛም። አንድ ቀን፣ አንድ ፓርክ።

እኔ ብሆን እንጦጦን እተወዋለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የጥር ጠዋት ብርዱ ይጠናል፣ ከጅማ ለመጣ ልጅ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ፈረሱና በገመድ መንሸራተቱም ከፍ ላሉ ልጆች ነው፤ የ4 ዓመቱ ቆሞ ሊያይ ነው የሚሄደው።

ሰኞ ጠዋት ተነሱ። ማክሰኞ አንድነት ፓርክ፤ የቤተ መንግሥት ግቢ ስለሆነ ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ቦርሳ አታብዙ። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ጥቁር አንበሶቹን ልጆቹ በመጀመሪያ ይዩ፣ ታሪካዊዎቹን አዳራሾች በኋላ፤ በተቃራኒው ከሄዳችሁ አንበሳው ጋ ስትደርሱ ልጆቹ ደክመዋል። ብዙ የእግር መንገድ ስላለው ከጋሪ አንቀልባ ይሻላል። ረቡዕ በማለዳ ቢሾፍቱ ሂዱ፣ በፍጥነት መንገዱ ሩቅ አይደለም። የውሃው ፓርክ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ስለሚጨናነቅ የሥራ ቀን መሆኑ ብቻ ብዙ ሰልፍ ያስቀራል። እዚያው እደሩ። ሐሙስን ባዶ ተዉት፤ ዝናብ ቢመጣ፣ ልጅ ቢያተኩስ፣ ፓርኩ ለጥገና ቢዘጋ ማካካሻችሁ እሱ ነው። ምንም ካልተፈጠረ ሐይቁ ዳር ዋሉና ለማታ ሰበታ ወይም ዓለም ገና እደሩ፣ ዓርብ ጠዋት የከተማው መጨናነቅ ሳይነካችሁ ወደ ጅማ ትወጣላችሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትኞቹ ሸርተቴዎች እየሠሩ እንደሆነ፣ ጥጥ ልብስ ለብሶ ውሃ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ የሕፃን ምግብ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ። የመግቢያ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከሰው ሰምታችሁ አትያዙ። ጥምቀት ላይም አታድርጉት፤ ከጥር 10 እስከ 12 አዲስ አበባ ብዙ መንገድ ይዘጋል።

የሕፃናት ነርስ፦
ስለ ውሃው ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሁሉ አደገኛው እሱ ነው።

የሚሰምጥ ልጅ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። ድምፅ ሳያሰማ፣ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው የሚያልቀው፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃም ጭምር። ስለዚህ ሁለቱ ትንንሾች ሁልጊዜ እጃችሁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁኑ። «ሁላችንም እያየናቸው ነው» ማለት ማንም እያያቸው አይደለም ማለት ነው። እናትና አባት በየ15 ደቂቃው በስም ተረካከቡ፤ ተረኛው ስልክ አይነካም። ክንድ ላይ የሚነፋ ፕላስቲክ መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም፣ ሊሾልክ ወይም ሊተነፍስ ይችላል። ላይፍ ጃኬት በክብደት ይመረጥ፤ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ እስከ አገጩ ወይም እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል። የዋና ልብሳቸው ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ይሁን። ሰማያዊ ልብስ ገንዳ ውስጥ አይታይም።

የጥር ጠዋት ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ሕፃን ደግሞ ሙቀቱን ከትልቅ ሰው ቶሎ ያጣል። ከ4 ሰዓት በፊት አታስገቧት። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ከተንቀጠቀጠች ወዲያው አውጥታችሁ አድርቋት። ፀሐዩ በዚያው ሰዓት ስለሚበረታ ሁሉም እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ ይልበሱ። ሰንስክሪን ውሃ ከመግባታቸው 15 ደቂቃ ቀድሞ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር። ተራ ዳይፐር ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይፈርሳል፣ የዋና ዳይፐር ከሁለት በላይ ያዙ፤ ይህም ሽንት አያቆምም፣ በየሰዓቱ ይታይ። ያስቀመጠው ልጅ ካለ ገንዳ አይግባ፣ ለሌሎች ልጆች ሲባል። ለምለም (ኦአርኤስ) ከጅማ ይዛችሁ ውጡ፦ ለአንድ ሊትር የሚለው ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

የሄርማታዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንጦጦ ቀርቷል። የ4 ዓመቱ 98 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ትልቁ 119። ሸርተቴ ይከለከላሉ? በአውሮፕላን መሄድስ አይቀልም?

ቦሳ ቂጦ፦
በብዙ የውሃ ፓርኮች ትልልቆቹ ሸርተቴዎች 120 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃሉ፤ ለ119 በር ላይ ማልቀስ አለ። ጫማ አውልቆ ለኩትና ቤት እያላችሁ ንገሩት፣ በሩ ላይ ከሠራተኛው ጋር አትከራከሩ። መለኪያው የሰውነት ክብደትና ሚዛን ታይቶ የወጣ ነው፤ አጭር ልጅ መታጠፊያው ላይ ሊገለበጥ ይችላል። የ4 ዓመቱ የልጆቹ ገንዳ ይበቃዋል፣ እዚያ ውለው አይጠግቡም።

የመንገድ ሰው፦
ከጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ለሚያስመልሰው ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ጭን ላይ ስለምትቀመጥ የራሷ መቀመጫ አይገዛላትም፤ ሲነሳና ሲያርፍ ጡት ወይም ጡጦ ስጧት፣ መዋጡ ጆሮዋን ይከፍትላታል። ግን አዲስ አበባና ቢሾፍቱ የምትከራዩት መኪና የልጅ መቀመጫ ላይኖረው ይችላል። የራሳችሁ መኪና ላይ ካለ፣ እኔ መኪናውን እመርጣለሁ።