ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በረራው ስንት ሰዓት ነው? መመለሻውስ ለምን ይለያል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ደለስ አየር ማረፊያ ትመጣለች። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ትኬቱ ላይ መነሻ ሐሙስ 22:15፣ መድረሻ ዓርብ 08:15 ይላል። አስር ሰዓት ብቻ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። መመለሻው ግን እሁድ 11:00 ተነስቶ ሰኞ 06:30 ይደርሳል። መንገዱ ያው አይደል እንዴ? የቱን ልመን?

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በአሜሪካ የበጋ ሰዓት (ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፉበት ወቅት) አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ መምጫው ላይ 7 ደምሪ፣ 17 ሰዓት ይሆናል። መመለሻው ላይ ከ19 ሰዓት ተኩል 7 ቀንሺ፣ 12 ሰዓት ተኩል። ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሁድ ድረስ ግን ልዩነቱ 8 ነው።

መልስ፣ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፦
ርቀቱ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሁለቱም አቅጣጫ እኩል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቦሌ ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት አየር ያንሳል። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሳት ስለሚከብድ በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ደለስ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፣ ስለዚህ ከዚያ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦
ለሌላም አንባቢ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። አባቴ ትኬታቸው «ሐሙስ 00:30» ይል ነበር። ሻንጣቸውን አስረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሐሙስ ማታ ቦሌ ደረሱ። አውሮፕላኑ ግን የሄደው እኛ ረቡዕ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል በምንለው ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ስልክ ላይ ቁጥሩን ብቻ ነበር ያነበብኩላቸው። ለእናታችን «ሐሙስ ማታ አራት ሰዓት ከሩብ» ብለሽ በአማርኛ በወረቀት ጻፊላቸው፣ ቦሌ መድረሻቸውንም «አንድ ሰዓት» በይ።

መልስ፣ ነርስ ነኝ፦
የስኳር መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ኢንሱሊን ከሆነ በፍጹም ወደ ጭነት ሻንጣ አይግባ፤ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል። 7 ሰዓት ሲጨመር የመድኃኒቱ ሰዓት እንዴት እንደሚሸጋገር ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። እስኪያርፉ ድረስ የእጅ ሰዓታቸውን በአዲስ አበባ ሰዓት እንደሞላ ይተዉት። ወንበሩን ኮሪደር በኩል አስይዢ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ዊልቸርም አሁኑኑ አስመዝግቢ፤ ረጅሙን ሰልፍ በጉልበታቸው አይቆሙትም፣ የሚገፋቸውም ሰው መንገዱን ያሳያቸዋል።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለነዳጅ ሲያርፍ ደረስን ብለው እንዳይወርዱ ንገሪያቸው። እኔ በመጣሁበት ጊዜ ሁላችንም ወንበራችን ላይ ነበርን፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ቀጠለ። አጠገቤ የነበሩት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዘንቢላቸውን ታቅፈው ሊወርዱ ተነስተው ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዊልቸሩን አሁን ደውዬ አስመዘገብኩ። ወረቀቱን ወንድሜ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ፓስፖርቷ ውስጥ ያደርግላታል፤ ከታች «መሀል ላይ ቢያርፍ አትውረጂ» የሚል ጨምረናል።