የእሑዱ ግልቢያ፦ ነጩ ወይስ ዳማው? በግ ተይዞበታል

የጫጫው፦

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ የሸዋ ልጆች።

ምክር ፈልጌ ነው። እሑድ ከጫጫ ወጣ ብሎ ባለው መስክ ላይ የፈረስ ግልቢያ አለ። አጎቴ ነጩን ይዟል። እኔ እስከ ቅዳሜ ማታ ሌላ ፈረስ መምረጥ አለብኝ። የተሸነፈ በግ ይገዛል። ዘንድሮ በግ ስንት እንደገባ ለእናንተ አልነግርም።

እኔ ፈረስ ሲጋለብ እያየሁ እንጂ እየጋለብኩ አላደግኩም። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ቤታችን የነበረው አህያ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

አምስት ፈረሶች ናቸው። ነጩ ከሰላሌ የመጣ ነው። ከሌሎቹ በስንዝር ይበልጣል። በከተራም፣ በጥምቀትም፣ በማግስቱ ሚካኤል ሲገባም ጉግስ ሲጫወቱበት ነበር። አገሩ በሙሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ዳማው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ በኩል ነው። አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ። የሚጋልበው ልጅ አሥራ አራት ዓመት ቢሞላው ነው። ጥቁሩ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋሪ ይጎትታል። ቦራዋ ባዝራ፣ ሴት ፈረስ ናት፤ የጎረቤታችን ናት። አምስተኛው መጋላ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት በአይሱዙ ተጭኖ ሐሙስ ማታ ገባ።

ሩጫው ከባሕር ዛፎቹ ተነስቶ፣ ወንዙ ዳር ያለውን የድንጋይ ቁልል ዞሮ መመለስ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። በሞተር ለክቼዋለሁ፤ ደርሶ መልሱ ሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢጎድለው ነው።

ማንን ልያዝ?

ባለ ፎቶው፦

ነጩን። አለቀ። የጥምቀት ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ፈረስ ማለት እሱ ነው። በጉን ከወዲሁ ግዛ።

የድሮ ጋላቢ፦

ልጄ፣ ፎቶ አይሮጥም።

እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ እስከ ሃያ ሦስት ዓመቴ ጋልቤያለሁ። አሁን የቀረኝ ብርድ ሲመጣ ቀድሞ የሚነግረኝ ጉልበቴ ነው። እንግዲህ ስማኝ።

ፈረስ ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠይቀው ቁመቱን አይደለም። ሳምንቱን ምን ሲሠራ ሰነበተ? ብለህ ጠይቅ። ነጩ ሦስት ቀን ጉግስ ውሏል አልክ። ጉግስ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አንዱ ያባርራል፣ አንዱ ይሸሻል። ዘንግ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል። ፈረሱ ሽምጥ ሄዶ ድንገት ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይነሳል። በቀን ስንቴ! ልጓሙ አፉን ይልጠዋል። የኋላ እግሩ ይዝላል። ከዚያ እሑድ ግላሱን ለብሶ ሲመጣ ያምራል፤ ውስጡ ግን ያለቀ ፈረስ ነው።

ይህን ያወቅኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ዓመት በጥምቀት ግራጫ ፈረስ ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ ልጃገረዶች ፊት ስንጎራደድ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ግልቢያ ነበር። ከአራት ፈረስ አራተኛ ወጣሁ። ለእናቴ ሦስተኛ ነው የወጣሁት ብያት ነበር። ሞታም እንደዚያው ነው የምታውቀው።

የሰላሌ ፈረስ መጥፎ ነው አላልኩም። በአገራችን ተለይተው ከታወቁት ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ለኮርቻም የሚመረጥ ነው። አንድ ሳምንት አርፎ፣ ሜዳው ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ በጉን ራሴ እገዛልህ ነበር። ግን መዞሪያ አለ። ያ ድንጋይ ቁልል ያለበትን ቦታ አውቀዋለሁ፣ መሬቱ ዋልካ ነው። ጥር ላይ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሞላል። ረጅም ፈረስ በፍጥነት ገብቶ ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ያ የመንዝ ዳማ ጥላው ላይ ይዞራል። ልጁም ቀላል ነው። እንደ ድሮው ባዶ እግሩን ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ እርካብ ውስጥ የሚያስገባ ከሆነ፣ አያቱ ያስተማሩት ልጅ ነውና አትለፈው።

ጥቁሩን አትናቀው። ልቡ ጠንካራ ነው። ችግሩ ጋሪ ሶምሶማ አስለምዶታል። ሽምጥ ውጣ ሲሉት እስኪገባው ድረስ ሌሎቹ ሄደዋል። ሦስተኛ ይወጣል።

መጋላው እስከ ቁልሉ ሊመራ ይችላል። አትደንግጥ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ እናንተ ከ2,700 ሜትር በላይ ናችሁ። በጣርማ በር ወጥቶ በሦስተኛ ቀኑ የሚሮጥ የቆላ ፈረስ ሲመለስ አፍንጫውን እየው።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ነጩ ድንጉላ ነው ወይስ የተኮላሸ? ድንጉላ ከሆነ ያቺ ቦራ ባዝራ መነሻው ላይ ከጎኑ እንዳትቆም የሚከለክል ሕግ አላችሁ? ከሌላችሁ ግልቢያው ሠርግ ይሆናል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ በሠርጉ ስቄ ሞትኩ። በዳማው እስማማለሁ። በባዝራዋ ግን ማንም ምንም ስላላለ ልጨምር። ጎረቤትህን እርጉዝ እንደሆነች ጠይቀው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ነው የምትሸከመው፤ መጀመሪያው ላይ ሆዷን አይተህ አታውቅም። እርጉዝ ከሆነች መሮጥ የለባትም።

ለአንተ ደግሞ ይህን አድርግ። ቅዳሜ ማታ ፈረሶቹ በረት ሲገቡ ሂድ። ፈረስ ካረፈ በኋላ በደቂቃ ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። ጎኑን አይተህ በሰዓትህ ቁጠር። ቆሞ እየዋለ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ የሚደርስ ከሆነ እሱን ተወው። ሁለተኛ፣ ኮርቻ ሲወርድ አጠገቡ ሁን። ሦስት ቀን ጉግስ የዋለ ፈረስ ጀርባው በኮርቻ ተልጦ ገጣባ ሊሆን ይችላል። ግላሱ ይሸፍነዋል እንጂ ፈረሱ አይረሳውም።

ለባለቤቶቹም ንገርልኝ። እሑድ ጠዋት «ጉልበት ይሁነው» ብለው ገብስ አይቆልሉበት። ከሩጫው በፊት ብዙ ሰዓት ቀድሞ ይብላ።

የአንጎለላ ጎረቤት፦

ከርዕሱ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲሰለፉ አገር ያያቸዋል። እኛ ምኒልክ በተወለደበት፣ በአባ ዳኘው አገር ተቀምጠን ማን እንዳሸነፈ የሚጽፍ አንድ ደብተር የለንም። አምና ማን አንደኛ ወጣ ብትሉኝ ሦስት ሰው ሦስት ፈረስ ይጠራል። አንዱ በቅሎ ነው ብሏል።

የጫጫው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንደጠረጠሩት ነጩ ድንጉላ ነው። ሕግ የለንም። ደግነቱ ባዝራዋ ወጥታለች። ጎረቤቴን ስጠይቀው ዝም አለ፤ ሚስቱ ግን ከጓዳ ሆና «ስድስተኛ ወሯ ነው!» አለች።

ዛሬ ማታ ዞሬ መጣሁ። ዳማው ድርቆሹን ይበላል። ሁለቴ ቆጠርኩት፣ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት። ልጁ ባዶ እግሩን ነው፤ የአውራ ጣቱ ውስጥ ጠንክሮ እንደ ቆዳ ሆኗል። መጋላው ቆሞ እያለ ሃያ ስምንት ቆጠርኩበት፣ አዘንኩለት። ጥቁሩ ገና ከጋሪ አልተፈታም ነበር። ዛሬም! ባለቤቱ ነገ ሮጦ ከነገ ወዲያ ሲሚንቶ ይጭናል አለኝ።

የነጩ ኮርቻ ሲወርድ አጠገቡ ነበርኩ። ባለቤቱ አየኝና ግላሱን ወዲያው መለሰበት። ምንም አላልኩም። አጎቴ ከኋላዬ ቆሞ ስለ ነጩ ጭራ ለሰው ያስረዳ ነበር።

ዳማውን ይዣለሁ። አጎቴ ሳቀብኝ፣ በጉ ሙክት ይሁን ብሎ ጨመረበት። እሺ አልኩ።

የድሮ ጋላቢ፦

ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?

የጫጫው፦

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ውርጩ ሲለቅ። ይመጣሉ እንዴ ጋሼ?

የድሮ ጋላቢ፦

ጉልበቴ ከፈቀደ። መነሻው ጋ አትቁም፣ ቁልሉ ጋ ጠብቀኝ።