«አዲስ ግዛና ለጥ ብለህ ተኛ»፦ የመጀመሪያ አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ስንገዛ

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ትናንት እዚህ ግሩፓችን ላይ አንድ ወንድማችን «አሮጌ አርቪ ገዝታችሁ ቤተሰብ አታንከራትቱ፤ አዲስ ግዛና ለጥ ብለህ ተኛ» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ ግን አናደደኝ። አምና አዲስ ተጎታች አርቪ (በመኪና የሚጎተት) ገዛሁ። በሁለተኛው ጉዟችን ቨርጂኒያ ሼናንዶዋ ፓርክ ላይ ዝናብ ጣለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄ «አባዬ፣ ትራሴ ረጥቧል» ብላ ቀሰቀሰችኝ። ውሃው በመስኮቱ ጥግ ጠብ ጠብ ይላል። ሰኞ ለሻጩ ደወልኩ። ቀጠሮ የሰጡኝ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰመሩ በዚያው አለቀ። ለጥ ብሎ የተኛው ማነው?

የዳላሱ አባወራ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ስለ ልጅህ አዝናለሁ። ግን አንድ ነገር ዘለልክ። በዋራንቲ ነው የተሠራልህ፤ አምስት ሳንቲም አላወጣህም። እኔ በ2019 ያገለገለ ሞተርሆም (የራሱ ሞተር ያለው አርቪ) ገዝቼ ነበር። ሻወሩ አጠገብ ያለው ወለል ረገጥ ሲያደርጉት እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። የምንጣፍ ልስላሴ መስሎኝ ነበር። ሲከፈት እንጨቱ በስብሶ በጣት ይፈረፈራል። የጥገናው ዋጋ ከገዛሁበት ግማሽ ሆነ። ልጆቼ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድሩበት ሸጥኩት።

ትራክ ነጂው፦ አባወራ፣ ችግሩ አሮጌነቱ አይደለም፤ ሳታስመረምር መግዛትህ ነው። አርቪ ብቻ የሚመረምር ባለሙያ አለ። ጣሪያው ላይ ይወጣል፣ የግድግዳውን እርጥበት በመሣሪያ ይለካል፣ ጋዙን ይፈትሻል። ጎማውን ደግሞ ራሳችሁ እዩ። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አትመኑት። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 1218 ካለ በ2018 በ12ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አርቪ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው። ጎማው ሳይሄድ ያረጃል።

የአትላንታዋ እናት፦ ብድሩንስ ማን ይናገር? ሰው 15 ዓመት፣ 20 ዓመት ይፈርማል። አዲሱ ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ዕዳው ግን ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። ከሦስት ዓመት በኋላ ልሽጥ ብትል የሚሰጡህ ዋጋ የባንኩን ዕዳ ላይሸፍን ይችላል። በዚህ ዕዳ ላይ ነው ለጥ የሚባለው? እኛ ዕቁብ ሲደርሰኝ ያገለገለ ክላስ ሲ (መካከለኛ ሞተርሆም) በካሽ ገዛን። በየወሩ የሚጠብቀን ክፍያ የለም።

የሚኒያፖሊሱ፦ ለእኛ ለሙስሊሞች ወለድ ሐራም ነው። በካሽ የምንችለው ያገለገለውን ነው። የእኔ ቤት ክርክር እዚህ ላይ አለቀ።

የዳላሱ አባወራ፦ እህቴ፣ የዕቁብ ገንዘብ ለመዝናኛ ይውላል እንዴ? ዕቁብ ለቤት መግዣ ነው፣ አገር ቤት ላለ ችግር ነው።

የአትላንታዋ እናት፦ በዕጣዬ ምን እንደማደርግ አንተ ነህ የምትነግረኝ? አባቴ ደብረ ዘይት በዕቁብ ሬድዮ ገዝቶ ሰፈሩን ሁሉ አሰምቷል። ማንም መዝናኛ ነው ብሎ አልወቀሰውም። ልጆቼ ሐምሌ ላይ ለኳስ ፌስቲቫላችን አብረውኝ ሲጓዙ፣ መንገድ ላይ ሽሮ ሠርቼ ሳበላቸው፣ ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም።

የሲያትሉ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ያገለገለ ስትሉ የተሠራበትን ዓመት እዩ። በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሰው አርቪ ፈለገ። በ2021 ከ600,000 በላይ ከፋብሪካ ወጣ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። በ2023 ወደ 313,000 ገደማ ወረደ። አብዛኛው የሚሠራው ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት አካባቢ ነው። በዚያ ጥድፊያ የተገጣጠመው ነው ዛሬ «ብዙ ያልተነዳ» እየተባለ የሚሸጠው።

የዳላሱ አባወራ፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አባወራ፣ በ2021 የተሠራው ያን ጊዜ አዲስ ነበር እኮ። ያኔ የገዙት ሰዎች ለጥ ብለው ተኙ?

የዳላሱ አባወራ፦ ቃሌን ይዘህ አትሩጥ። ለጥ ብለህ ተኛ ስል ዝናብ አይገባም ማለቴ አይደለም። ሲበላሽ የሚጠየቅ አለ ማለቴ ነው። ያገለገለውን የሸጠልኝ ሰው ግን ስልኩን እንኳ አላነሳም።

የዴንቨሯ፦ የሚጠየቅ አለ ስትል ተጠንቀቅ። በብዙ ስቴት የብልሹ መኪና ሕግ (ጉድለት ያለበት አዲስ መኪና ለገዛ ሰው የሚቆመው) ሞተርሆም ላይ የሚሠራው ለሞተሩና ለሻሲው (ከታች ላለው ብረት) ነው። ከላይ ያለውን ቤቱን አይሸፍንም። የሚያፈሰው ደግሞ ቤቱ ነው! ለአባወራም ግን አንድ ልጨምርለት። አንዳንድ የግል ካምፖች ከ10 ዓመት በላይ የሆነ አርቪ አያስገቡም። በጣም አሮጌ የምትገዙ ቀድማችሁ ደውሉ።

ትራክ ነጂው፦ ሼናንዶዋ የምትሄዱ፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ። ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። አዲስም ግዙ አሮጌ፣ የአርቪያችሁን ቁመት ጣሪያው ላይ ካለው ኤሲ ጋር ለኩና መሪው አጠገብ ለጥፉት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ትራክ ነጂው፣ የእኔን ልሸጠው ነው። ቅዳሜ ፍሬድሪክ ከተማ ሄጄ አንድ የ2017 አርቪ ልመለከት ነው። አብረኸኝ ትመጣለህ? ጣሪያው ላይ የሚወጣ ሰው እፈልጋለሁ።

ትራክ ነጂው፦ እመጣለሁ። መሰላል አለኝ። ዝናብ ከሆነ ደግሞ እንዳትቀር፤ ለማየት የሚሻለው የዝናብ ቀን ነው።

የዳላሱ አባወራ፦ ሻወሩ አጠገብ ያለውን ወለል በደንብ ርገጠው። እኔ አሁንም አዲስ ነው የምለው።