ቢን ካርዱን ትተን ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንመዝግብ?

የስቶሯ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል መድኃኒት ስቶር ውስጥ ነው። ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22፣ መደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ፣ ማለትም የየመድኃኒቱ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ። በየሁለት ወሩ አርአርኤፍ (የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ) ሲደርስ ካርድ እያገላበጥን ስንደምር እናመሻለን። አሁን ዳጉ የሚባለው የመድኃኒት ክምችት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሊጫንልን ነው። ከየት ልጀምር? ካርዱንስ ብንተወው ምን ይላችኋል?

ነባር ፋርማሲስት፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። መጀመሪያ ግን ቁጠሩ። የካርዱን ባላንስ ገልብጠሽ እንዳታስገቢ፤ ስህተቱም አብሮ ይገባል። ካርቶን እየከፈታችሁ፣ ባች በባች (በአንድ ዙር የተመረተውን ለብቻው)፣ ከነማብቂያ ቀኑ ቁጠሩ።

ከሁሉ በፊት መለኪያው ላይ ተስማሙ። ብዙ ቦታ ጉድ የሚሠራው እሱ ነው። 100 ፍሬ የሚይዝ የፓራሲታሞል ፓኬት አለ እንበል። 10 ፓኬት መጣ። አንዱ «10» ይጽፋል፣ ሌላው በፍሬ ቆጥሮ «1000»። ሲስተሙ ላይ መለኪያው ፓኬት ከሆነ 1000ው 100,000 ፍሬ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ «በቂ አለ» ብሎ የምትጠይቁትን መጠን ዜሮ ያደርግላችኋል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ለትራንስፖርት ተበድሮ የመጣው ገበሬ «ከውጭ ግዛ» ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቀኑንም አደራ። ፓኬቱ ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሞዴሉ የሚሞላው በኛ። 05/2027ን ሰው በጥድፊያ ጥር ብሎ ያነበዋል፤ ግንቦት 2019 መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ ቀድሞ የሚያልፈውን ቀድሞ ማውጣት አይቻልም።

ካርዱን አትተዉ። መብራት ሲሄድ፣ ተረኛው ሌሊት መድኃኒት ሲያወጣ፣ አጠገቡ ያለው እሱ ነው። ያወጣው ሰው እዚያው ቆሞ ይጻፍ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲነጋ ይገባል።

ዳታ ላይ የምሠራ፦
እስማማለሁ። ሁሉም በአንድ ፓስወርድ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ጉድለት ሲመጣ ማን እንዳስገባው ካልታወቀ ንጹሑም ይጠረጠራል። ባክአፑም (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ከዚያው ኮምፒውተር ውጪ ይቀመጥ።

የስቶሯ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የሰኔ ቆጠራ እየደረሰ ነው። እሱን ጠብቀን ሐምሌ 1 እንጀምር ወይስ አሁኑኑ?

ነባር ፋርማሲስት፦
ሰኔን ጠብቁ። ለበጀት መዝጊያ ስቶሩ መቆጠሩ አይቀርም፤ መነሻችሁ ያ ቁጥር ይሁን። እስከዚያ የየመድኃኒቱን ስም፣ ጥንካሬና መለኪያ ዝርዝር ጨርሱ። የናርኮቲክ (ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው ሱስ አስያዥ መድኃኒቶች) መዝገቡን ግን እንዳትነኩት፤ ለብቻው ይቀጥላል።